የፊት ወንበሩ የዓሣው ነው

ልብስ ሰፊዋ ባልቴት ሩቅ ወዳለው የልጇ ከተማ ልትዛወር ዕቃዋ ሁሉ መኪና ላይ ተጭኖ አለቀ። እሷ ግን ክንድ የሚያህለውን ዓሣዬን ካልያዝኩ ንቅንቅ አልልም ብላ ድርቅ አለች። መንገድ ላይ ውሃውን እንዳያቆሽሽባት ከትናንት ጀምሮ ምግብ ከልክላዋለች። የመስታወት ገንዳው ይሰበራል ብላም ውሃውን ወደ ፕላስቲክ በርሜል ገልብጣ ዓሣውን እዚያ ከታዋለች፤ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን በወስፌ በሳስታዋለች። በርሜሉን ከጎኗ፣ ልጇ ሊቀመጥበት በነበረው የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣ በቀበቶ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«እማዬ፣ በሞቴ ተይው! እዚያ ስንደርስ ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት ልጇ።

«አንተስ በኩፍኝ ስታጣጥር፣ ሌላ እወልዳለሁ ብዬ ጣልኩህ እንዴ?»

ልጁ ጭነቱ ላይ ወጣ።