የአባቴ ጀልባና የዴንቨሩ ወንዝ

ከጋምቤላ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ለመድረስ ያስከፈለኝ አንድ ጀልባና የአባቴን ድምፅ ነው። ጀልባዋን የሄድኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ሳላስፈቅዳቸው ሸጥኳት፤ ድምፃቸውን እሳቸው ራሳቸው ከለከሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስደውል የምታነሳው እናቴ ናት። «አባትህ ደህና ናቸው» ትለኛለች፤ አጠገቧ ሲያስላቸው እሰማለሁ።

መቼም ጋምቤላን የማታውቁ አትጠፉም። ከተማችን በሸክም የቆመች ናት። ድሮ ከጎሬ በበቅሎ የወረደ ቡና እኛ ጋ በሰው ትከሻ ወደ መርከብ እየተገለበጠ በባሮ ወንዝ ሱዳን ይወርድ ነበር። አያቴ ተሸካሚ ነበሩ። መርከቡ ሲቀር አባቴ በትንሽ ጀልባ እስከ ኢታንግ ጨውና ሳሙና ያመላልሱ ጀመር። በበጋ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ሲወጣ ጭነቱ ይራገፍና ጀልባዋ በትከሻ ተይዛ አሸዋውን ታልፋለች። ያኔ በዳር የሚያልፍ ሰው፣ የተጣላችሁት እንኳ ቢሆን፣ ሳይጠየቅ ኋላዋን ይይዛል። ጀልባ ለብቻው የተሸከመ ሰው አይቶ ማለፍ ነውር ነው።

እዚህ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ማንጎ በፍሬ ተቆጥሮ ሲሸጥ አይቼ ስቄያለሁ፤ እኛ ጋ መንገድ ላይ ወድቆ የምንረግጠውን! ባለፈው እሁድ ዴንቨር መሀል፣ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ወረድኩ። ወንዝ ይሉታል እንጂ ባሮ ቢያየው ከንፈር ይመጥለት ነበር። አንድ ፈረንጅ ካያክ የሚሉትን ጠባብ ጀልባ ተሸክሞ ድንጋዩን ለማለፍ ይንገዳገዳል። ምን አሰብኩ? ምንም። ሄጄ ኋላውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ።

«ሄይ! ምን እያደረግክ ነው?»

«እያገዝኩህ።»

«ማን ጠራህ?»

«ለዚህ ማንም አይጠራም እኮ! ዝም ብለህ ሂድ።»

የፓርኩ ጠባቂ እየሮጠች መጣች። «ካያኩ ያንተ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ያዝከው?»

«ከባድ ነዋ!»

ሴትዮዋ ሰውየውን አየችው፤ ሰውየው እኔን። «እሺ፣ እስከ ውሃው ብቻ» አለ። እውነቱን ለመናገር ከባዶ ጆንያ አይከብድም ነበር። እኔ ግን ቶሎ እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ ሄድኩ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ስልኩ ተንኮሻኮሸ።

«ከፊት ነው ከኋላ የያዝከው?» አሉ አባቴ።

«ከኋላ፣ አባባ።»

«ከፊት ያለው ሳያወርድ አላወረድክም?»

«አላወረድኩም።»

«ጎሽ።» ስልኩን ለእናቴ መለሱላት።

የጀልባዋ ነገር አልተነሳም። ሒሳቡ ይኸው ነው፦ ጀልባዋ ተሸጣለች፤ አባቴ ዘጠኝ ቃል ተናግረውኛል።