ዴልፍት ማንም የለንም

ልጄ ሃይስኩል ልትጨርስ ስድስት ወር ሲቀራት የምርቃት ድግስ አልፈልግም አለች። እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አበሻ ልጁ ሲመረቅ አዳራሽ ካልተከራየ፣ ዲጄ ካልጠራ፣ የልጁን ፎቶ በበር ቁመት አሳትሞ መግቢያው ላይ ካላቆመ፣ ሰው “ምን ሆነው ነው?” ይላል። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔንና አባቷን ኩሽና ውስጥ አስቀመጠችንና፣ ራሷ ያዘጋጀችውን ወረቀት ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈች። ዘጠኝ ቀን፣ ስድስት የሆላንድ ከተማ፦ አምስተርዳም፣ ሃርለም፣ ላይደን፣ ደንሃግ፣ ዴልፍት፣ ሮተርዳም። ከእያንዳንዱ ከተማ አጠገብ ባቡሩ የሚነሳበት ሰዓት፣ የሚታየው ነገር፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የምንጠለልበት ቤት ሳይቀር ተጽፏል።

“ድግሱን ትታችሁ ይሄን አድርጉልኝ” አለች በእንግሊዝኛ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልስ የምትሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ለምጄዋለሁ። “ሦስታችን ብቻ። ጀስት አስ፣ ማሚ።”

እውነቱን ልናገር፤ እኛ ለሽርሽር ሄደን አናውቅም። ከቤት ስንወጣ ወይ ለሰርግ ነው፣ ወይ ለልቅሶ፣ ወይ ለክርስትና። ልጄ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ያየችው አሜሪካ የሰው ሳሎን ነው። ዳላስ ስንሄድ ሳሎን፣ አትላንታ ስንሄድ ሳሎን። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ “አደግሽ! እኔን ታውቂኛለሽ?” የሚሏትን ሁሉ ስትስም ነው ያደገችው። ባሕር አጠገብ ያለ ከተማ ሄደን ባሕሩን ሳናይ ተመልሰናል፤ ያስተናገዱን ሰዎች ምሳ አቆይተው ስለነበር።

ሆላንድን የመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትምህርት ቤት የሸክላ ሥራ ትማር ነበር። አንድ ቀን በነጭ ላይ በሰማያዊ የተቀባ ኩባያ ሠርታ አመጣችልኝ። እጀታው ትንሽ ተንጋዷል፤ የመኪና ቁልፌን የማስቀምጠው እሱ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሰማያዊ ሥራ ዴልፍት የሚባል ከተማ ውስጥ ሰዎች ቁጭ ብለው በእጃቸው ሲስሉት ማየት ይቻላል አለችን። ዴልፍት ስትል ፊቷ ይበራ ነበር። በነሐሴ ሩቅ ስቴት ወዳለ ኮሌጅ ልትሄድ ነው፤ ይህ ጉዞ የመጨረሻችን እንደሆነ እሷም እኛም እናውቀዋለን።

“ለማንም እንዳትነግሩ” አለች። ቀጥላም እኔን ለብቻዬ አየችኝ። “በተለይ አንቺ።”

አባቷ ሳቀ። “መንገድ ደግሞ ሳይነሱ ይወራል እንዴ?” አለ። እኔም ሳቅሁ። በልጄ ስም ማልሁ።

ቃሌን የጠበቅሁት ሦስት ሳምንት ነው።

እህቴ ከእኛ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እዚህ አገር ያመጣችኝ እሷ ናት። ፎርሙን የሞላችው፣ ኤርፖርት የተቀበለችኝ፣ የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬት ከራሷ ላይ አውልቃ ያለበሰችኝ እሷ ናት። ስለዚህ እትዬን እምቢ ማለት እኔ አልችልበትም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ጎራ ብል፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ “አዳራሹን ልይዘው ነው፤ የሰኔ ቅዳሜዎች እኮ ከአሁኑ እየተያዙ ነው” አለችኝ።

“አይ እትዬ፣ እሷ ድግሱን አልፈልግም ብላ ነው።”

“አልፈልግም? እሷን ማን ጠየቃት! ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አቃታቸው ነው የሚሉት።”

ጉድ የሠራችኝ ያቺ “አቃታቸው” የምትል ቃል ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ነርሲንግ ሆም የሰው አዛውንት ሳገላብጥ ወገቤ ያለቀው አቃታት ሊባል ነው? ቆሽቴ አረረ። “ማንን ነው ያቃተው! ሆላንድ ነው ይዘናት የምንሄደው!” አልኩ።

አፌን በቆረጠው!

እትዬ እልል ለማለት ትንሽ ቀራት። “ሆላንድ? ሮተርዳም የአክስታችን ልጅ ጋ!” ብላ ደረቷን ያዘች። “በናትሽ እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ” አልኩ። “እኔ? እኔ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?” አለች፤ ከልቧ ነው፤ እንደማትናገር ራሷ ታምናለች። ከአሌክሳንድሪያ ወጥቼ የፖቶማክን ድልድይ ሳልሻገር ስልኬ ጮኸ። የሆላንድ ቁጥር ነበር።

የአክስቴ ልጅና እኔ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። ከተያየን ሃያ ዓመት አልፎናል። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። “ሆቴል ይዛችኋል አሉ። ምነው፣ እኔ ሞቻለሁ?” ምን ትላላችሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? “ኧረ ሞት ይርሳሽ፣ አንቺ ጋ ነው የምናርፈው” አልኩ። ድልድዩን የጨረስኩት እያለቀስኩ ነው፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ቤት ስገባ ለልጄ “አንድ ቀን ብቻ ሮተርዳም እናድራለን፣ እንዴት እንደምትወደኝ ብታውቂ” አልኳት። “ኦኬ፣ አንድ ቀን” አለች። ነገሩን ከጠበቅሁት በላይ በደህና ተቀበለችው።

አንዱ ቀን ግን አንድ ቀን ሆኖ አልቀረም። ደንሃግ ያለችው የባለቤቴ የአጎት ልጅ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልቅሶ አልደረስንም። እዚያው አገር ሄዶ ቤቷን አልፎ ሙዚየም መግባት ይቻላል? ያውም እንደምንመጣ ሰምታ። ዩትሬክት የክርስትና ልጄ ወልዳለች፤ ዩትሬክት ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ ገባ። የወላድ ቤት ደግሞ ገብተው ወዲያው አይወጡም። እዚሁ አቅራቢያችን ካለው ጀርመንታውን አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት ዩትሬክት ላለ ወንድሟ የሚሰጥ ቫይታሚን፣ ስኒከርና የሕፃን ልብስ የሞላ ሻንጣ እያንከባለለች መጣች። “እናንተማ ሦስት ሰው ናችሁ፣ ሻንጣ አይጠባችሁም” አለችኝ። ሻንጣውን የት አስቀምጠው? የልጄ ክፍል ሰፋ ይላል፤ እዚያ አስቀመጥኩት። ከበልትስቪል ሌላ ሰው የላከውንም ሻንጣ እሱ ላይ ደረብኩት። ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ አየችው፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ቦታ ለቀቀችለት።

ባለቤቴ አንዴ ብቻ “ይሄ ነገር የማን ጉዞ ነው?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። “የአንተም ዘመዶች አሉበት” አልኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እስክሪብቶ ይዤ ፍሪጁ ፊት ቆምኩ። ቀኑ አልበቃ ብሎኝ ነበር። ሃርለምን ሰረዝኩ፣ ላይደንን ሰረዝኩ። ልጄ ሲሪያሏን እየበላች ታየኛለች። ዴልፍት ላይ ስደርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ማሚ፣ ኖ።”

“የኔ ቆንጆ፣ አምስት ቀን በሰው ቤት ተይዟል። ዴልፍት ደግሞ ማን አለን? ማንም የለንም እኮ።”

“የመረጥኩት ለዚያ ነው” አለች።

እንዲህ ስትል ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አለኝ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ሌላ ጊዜ እናየዋለን” አልኩና ሰረዝኩት። ኩባያው ለካ እዚያው ፍሪጁ ላይ ነበር፤ ቁልፌን ከውስጡ አውጥቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በሳምንቱ ልጄ እንደማትሄድ ነገረችን። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። “እናንተ ሂዱ፣ ዘመዶቻችሁን እዩ፤ እኔ ሥራ እይዛለሁ” አለች። ለመንኳት። ዴልፍትን እመልሳለሁ አልኩ፣ ዩትሬክትን እተዋለሁ አልኩ። “አትተዪም” አለች፤ እውነቷን ነበር። እሷ ከሌለች እኛ ምን ልንሠራ እንሄዳለን? ባለቤቴ ጉዞውን ሰረዘው። አየር መንገዱ ቲኬቱን በየስማችን ለአንድ ዓመት አስቀመጠልን። ከዚያ በኋላ ስለሆላንድ እቤታችን አልተነሳም።

ድግሱ ግን አልቀረም። እትዬ አሌክሳንድሪያ አዳራሽ ያዘች። ፎቶው በበር ቁመት ታተመ፣ ዲጄ መጣ፣ ሴቨን ኮርነርስ ካለው ኬክ ቤት ኬክ ታዘዘ። ልጄ የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች፣ ከሁሉም ጋር ፎቶ ተነሳች፣ “ሆላንድ ቀረ እንዴ?” ላሏት ሁሉ ፈገግ አለች። እንደዚያ ቀን ጨዋ ሆና አታውቅም። ሰው ሁሉ “እንዴት አድርጋ ብታሳድጋት ነው!” አለኝ። እኔ ግን ልጄ እየተሰናበተች መሆኑ ገብቶኝ፣ ምግብ ከሚነሳበት ጠረጴዛ ጀርባ ሄጄ ማልቀስ አማረኝ። አላለቀስኩም፤ ወጥ ጎድሎ ነበር።

ሮተርዳም ያለችው የአክስቴ ልጅ በቀረንባት ጊዜ ተቀየመች። ስምንት ወር አልደወለችም። በመጋቢት ግን አንድ ማክሰኞ ሥራ ቦታ ለእረፍት እንደወጣሁ ደወለች። ሰላምታዋ እንኳ ሳያልቅ “ልጅሽን አየኋት” አለችኝ።

“የትኛዋን ልጄን?”

“ስንት አለሽ? አሁን የምሠራው ዴልፍት አይደል፣ ከገና ወዲህ እኮ ወደዚያ ቀይረውኛል። ከሥራ ስወጣ የሸክላ ሱቅ መስኮት ውስጥ አየኋት። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ብሩሽ ይዛ ሳህን ትቀባለች። ከምርቃቱ ፎቶ ነው የለየኋት።”

ዴልፍትም ሰው አለን ለካ።

“ከማን ጋር ነበረች?” አልኩ።

“ብቻዋን ናት። ገብቼ አቀፍኳት፣ ደነገጠች። ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች። አማርኛዋ ደግሞ እንዴት ያምራል! አትናገርም ትይ አልነበር? ‘አክስቴ፣ እባክሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት’ አለችኝ። እኔ ደግሞ አንጀቴ አልችል አለ። ሳይነግሩሽ ይቀራል?”

ለእኔ በአማርኛ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። “በእናትሽ ለእትዬ እንዳትነግሪያት” አልኩ። “እኔ? እኔ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?” አለች።

ማታ ባለቤቴን ጠየቅሁት። ያውቅ ነበር። ልጅቷ ቲኬቷን ለኮሌጁ የመጋቢት እረፍት ስታወጣ፣ መልእክቱ በእሱ ኢሜይል ነበር የመጣው።

“እንዴት ለእኔ አትነግረኝም?”

“ለአንቺ መንገር ማለት ለአሌክሳንድሪያ መንገር ነው” አለ፤ እንዲህ ብሎ ሳህኑን ሊያጥብ ተነሳ።

ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ሐሙስ እትዬ ደውላ “ልጅቷ እረፍቷን የት አሳለፈች?” ስትለኝ “እዚያው ትምህርት ቤቷ” አልኳት። ከእትዬ የደበቅኩት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ዓርብ ልጄ ራሷ ደወለች። “እረፍት እንዴት ነበር?” አልኩ። “ፋይን፣ አጠናሁ” አለች። ሳህኑ ላይ ምን ሳልሽ ብዬ ልጠይቃት ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። “በልተሻል?” አልኳት። “የስ፣ ማሚ።” ስዘጋው ኮራሁ። ለካስ እችላለሁ፣ አልኩ፤ ለካስ የማልችል ሰው አልነበርኩም። አንድ ቀን ራሷ ትነግረኝ ይሆናል ብዬም ተስፋ አደረግሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። የልጄ መልእክት ነበር። ኋላ እንደሰማሁት እትዬ ደውላላት ኖሯል። ሆላንድ ድረስ ሄደሽ ወላድ ሳትጠይቂ፣ ልቅሶ ሳትደርሺ፣ እንደ ባዳ አልፈሽ መጣሽ ብላ ተቆጥታታለች። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ጋር ያወራች ዕለት ለእትዬም ደውላላት ነበር፤ እትዬም ሐሙስ የጠየቀችኝ እያወቀች ነው። ልጄ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? የጻፈችልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው።

“ማሚ፣ ይሄንንም ነገርሻት?”

ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ አጠገብ ቆሜ “አልነገርኩም” ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነበር። ብዙ አየሁት። ከዚያ አጠፋሁትና “ይቅርታ” ብዬ ላክሁላት።