ዋሾዋ መብራት

ጋሽ ጀቤሳ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ጎማን የሚያምነው በጆሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት አራቱንም በዱላ እየመታ ድምፃቸውን ካልሰማ ከአዳማ አይወጣም። በስተርጅና የገዛት ፒክአፕ ግን የጎማ ንፋስ ሲጎድል ዳሽቦርዷ ላይ የምትበራ ቢጫ መብራት አላት። መብራቷ ከገና ጀምሮ በርታ አልጠፋም አለች። ሁለቴ ጎሚስታ ጋ ወስዶ አስለካ፤ አራቱም ጎማ ሙሉ ነው። "አንቺ ዋሾ!" ብሎ ፕላስተር ለጠፈባት።

ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስላት ነጋዴዋ አማረች ፕላስተሩን ባየች ቁጥር፣ "ጋሽ ጀቤሳ፣ እንዲያው እውነቷን ቢሆንስ?" ትለዋለች።

"ጎማ የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ አምፖል?" ብሎ ይቆጣል።

ማክሰኞ ዕለት ሽንኩርት ጭነው ሲመለሱ፣ ቆቃ አጠገብ የኋላ ጎማቸውን ሚስማር ወጋውና ተነፈሰ። ጋሽ ጀቤሳ አልደነገጠም። መኪናዋን በክሪክ አነሳና ከሆዷ ሥር የታሰረውን ቅያሪ ጎማ ፈትቶ አወረደ። እንደ ልማዱ በዱላው መታው። ጎማው እንደ ባዶ ከረጢት ዱፍ አለ።

ለካ መብራቷ የምትቆጥረው አምስቱንም ኖሯል። አምስተኛውን ደግሞ እስከዛሬ ማንም በዱላ መትቶት አያውቅም።

አማረች ጋቢና ገብታ ፕላስተሩን በጥፍሯ ላጠችው።

"እሺ፣ አሁንስ ምን ትላለች?" አለ ጋሽ ጀቤሳ፣ ዱላውን እንደያዘ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

"ያንኑ ነው የምትለው" አለችው።