ውሃ የማይለምነው እንዶዴ

በደርግ ጊዜ የነበረችኝ የጣና ዳር ግቢ ዛሬም በዓይኔ ላይ ትሄዳለች። አበባ ማጠጣት ሲሰለቸኝ ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ «ልጄ፣ እንዶድ ትከል፤ እሱ ማንንም ውሃ አይለምንም» አሉኝ። ተከልሁ። አጥሩን ሙሉ ለበሰው። ሳሙና በጠፋበት በዚያ ዘመን የሰፈሩ ነጠላና ጋቢ ሁሉ በእኔ እንዶድ ፍሬ ይነጣ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ግን «የአብዮት በዓል ሳይደርስ ይህን ጫካ ነቅለህ ጽጌረዳ ትከል!» ብሎ ደነፋብኝ። እኔም ዛሬ ነገ ስል የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጠመንጃ ከያዘ የአብዮት ጠባቂ ጋር ሲመጣ ሳይ ቶሎ ብዬ ዶማዬን አነሳሁ። ጠባቂውን ደጅ አቁሞ ብቻውን ገባና ከኮቱ ስር የተጠቀለለ ካኪ አወጣ።

«ዶማውን አስቀምጠው» አለኝ በሹክሹክታ። «ነገ ለሰልፉ የምለብሳት ይህችው ናት፤ ሳሙና እኮ እኔም ቤት የለም።»