ከርከዴ ያልገባበት በረዶ

አባቴ በታመመበት ዓመት እኛ ልጆቹ በየቀኑ በረዶ እንበላ ነበር። ልጅነቴን ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ጣዕም ነው። ተከትሎት የሚመጣው ግን ፍርሃት ነው፤ ሁለቱን እስከ ዛሬ ለይቼ ማስታወስ አልቻልኩም።

ቤታችን መተማ ዮሐንስ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የመተማን መጋቢትና ሚያዝያ የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይንጣጣል፤ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ከውሃ በርሜሉ ሥር ይጋደማሉ፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የደብተራችን ላስቲክ ከእጃችን ላይ ይጣበቃል። እናቴ የፍራፍሬ በረዶ የምትሠራው በእነዚህ ወራት ነበር። ሙያውን ያስተማረቻት ከድንበሩ ማዶ ገላባት የምትኖር ሱዳናዊት ወዳጇ ስትሆን፣ ሱዳኖቹ ተላጃ የሚሉትን አሮጌውን ፍሪጃችንንም የገዛነው በእሷ በኩል ነው።

የደረቀውን የከርከዴ አበባ ውሃው ጠቁሮ እስኪቀላ ትቀቅልና በነጭ ጨርቅ ታጠልለዋለች። ስኳር ጨምራ እስኪቀዘቅዝ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደሴ ማንጎውን፣ ዘይቱኑንና ሀብሀቡን አድቅቀን እንከትፋለን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ይወርዳል፣ እንልሰዋለን። ሁሉን ደባልቃ ሎሚ ትጨምቅበትና በሰፊ ሳህን ከፍሪጁ በረዶ ቤት ታስገባዋለች። ፈጽሞ ሳይደነድን እያወጣች በሹካ ስትፍቀው እንደ በረዶ ብናኝ ፍርፍር ይላል። በሌላው ዓመት ይህ የሰንበት ነገር ነበር። ያን ዓመት የዘወትር የሆነው አባቴ ሌላ ምግብ አልወርድለት ስላለ ነው።

አባቴ ሰሊጥ ገበሬ ነበር። በአረሙ ወራት ከቀን ሠራተኞቹ ጋር እርሻው ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል። ሰሊጡን አሳጭዶ ሲመለስ ትኩሳት ይዞት መጣ። ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ወሰደና ተሻለው። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ያዘው፤ አሁንም ወባ ነው ተባለ። እንዲህ እየተሻለውና እየባሰበት መጋቢት ሲገባ፣ ጆንያ ሰሊጥ ብቻውን ይሸከም የነበረው ሰው እግሩ ቀጭን እንጨት ሆነ፤ ሆዱ ግን እንደ እርጉዝ ሴት ተነፋ። ሊጠይቁት የሚመጡ ጎረቤቶች በር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። ከእነሱ አንዷ አሮጊት ሲወጡ፣ «ቆላ አብልቶ ይበላል» ሲሉ ሰማኋቸው። አልገባኝም ነበር፤ ግን ያን ቀን ወደ ውጭ ወጥቼ አልተጫወትኩም።

አባቴ ከበረዶው አንድ ማንኪያ ይጎርስና ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ ይይዘዋል። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኛ ይገፋዋል። እናቴ ብትለምነውም፣ እነሱ ይብሉት ይላታል። እኛም እንሻማለን። አንድ ቀን ደሴ፣ አባየ ሲድን በረዶው ይቀራል ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት። ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ቆይታ ወጣች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከርከዴው አልቆ ስለነበር እናቴ ማንጎና ሎሚ ብቻ አድርጋ ሠራችው፤ ቢጫ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ ከጠፍር አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ፣ እኔ ሳህኑን ይዤለት፣ ሊጎርስ ጎንበስ አለ። ቢጫው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። ከርከዴ የተገኘ መስሎኝ ደስ አለኝ። ማንኪያዬን ስሰድ ሌላ ጠብ አለ። አባቴ ሳህኑን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና በመዳፉ ከደነው።

«ሙሉየ፣ ይህን አትብይ» አለኝ። «እናትሽን ጥሪያት።»

ቀና ሲል ደሙ ከአፍንጫው ወደ ከንፈሩ ይወርድ ነበር። እናቴ መጥታ ጠረገችው፤ ቆመ ስትል እንደገና መጣ። አላለቀሰችም። ሳህኑን ወስዳ ከነበረዶው ፍሪጅ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው፤ ምን እንደምታደርግ ያወቀች አይመስለኝም።

አመሻሽ ላይ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ መጡ። አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በቤታችን ከእሳቸው ቃል በኋላ ቃል አልነበረም። እናቴ ጎንደር ሆስፒታል ልውሰደው ስትል እሳቸው እንቢ አሉ። ቆላ የጎዳውን ሰው የደጋው ብርድ ይጨርሰዋል፣ ስንቱ በእግሩ ወጥቶ በሣጥን ወረደ፣ ጾሙ እስኪፈታ ጠበል ይሞከርለት አሉ። እናቴ እሳቸው ፊት ቀና ብላ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ተነሥታ ቆመች።

«አያ ሞላ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ብርዱን በጋቢም ቢሆን እመክተዋለሁ። እዚህ ያለውን ግን የምመክትበት የለኝም። ጧት ይዠው እወጣለሁ።»

አያ ሞላ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። ተጣላን ብለን ፈራን። ጎሕ ሲቀድ ግን የራሳቸውን ጋቢ ይዘው መጡና አባቴን ጠቀለሉት፤ እንደ ሕፃን ታቅፈውም እስከ ሚኒባሱ ወሰዱት። ያን የሚያህል ሰው ለመታቀፍ ቀልሎ ማየት ከደሙ ይልቅ አስፈራኝ።

እኔና ደሴ ከአያ ሞላ ሚስት ጋር ቀረን። መብራት ጠፍቶ ሰነበተ፤ ያ የማንጎ በረዶ ቀልጦ ከፍሪጁ ሥር ፈሰሰና ጉንዳን ወረረው። ሴትየዋ አጠቡት። አያ ሞላ ማታ ማታ ይመጡና አባቴ በረንዳ ላይ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ራቅ ብለው፣ መሬት ላይ ይቀመጡ ነበር። በመጨረሻ በጎረቤት ስልክ ወሬ መጣ። በሽታው ወባ ሳይሆን ካላዛር ነው፤ እርሻ ላይ ከምትናከስ ትንሽ ዝንብ የሚመጣ፤ በየቀኑ መርፌ እየተወጋ ነው፤ ሐኪሞቹ እናቴን ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብለዋታል።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አባቴ ከአውቶቡስ በእግሩ ወረደ። ሆዱ ጎድሏል፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ የገባ ነበር። ደሴ አላወቀውም፤ ከኋላዬ ተደበቀ። አባቴ ግን መንገዱ ላይ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ እስኪለምደው ድረስ ጠበቀው። እናቴ ከዚያ ወዲህ የፍራፍሬ በረዶ ሠርታ አታውቅም።

ዛሬ እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ ባለትዳር ነኝ። በሞቃቱ ወራት ለልጆቼ በረዶውን እሠራለሁ፤ ፍሪጄ አዲስ ነው፣ ፍሬውንም ማሽን ይፈጨዋል፤ እነሱም ሳይሻሙ ይበሉታል። አምና ባለቤቴ ከሰሊጥ አጨዳ ትኩሳት ይዞት ሲመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳደርኩትም። አሁን ምርመራው እዚሁ ከተማችን አለ፤ ከጣት ትንሽ ደም ይወስዱና ውጤቱን እዚያው ይነግሩሃል። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ የባለቤቴን ሆድ በነጠላዬ ሥር ደጋግሜ እዳስስ ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ወጥቶ፣ ካላዛር የለበትም፣ ወባ ነው አለን። እንባዬ መጣ። ባለሙያው ግራ ገብቶት ወባም እኮ ቀላል አይደለም ብሎ ገሠጸኝ። በልጅነቴ አባቴን ሊያሳጣን የነበረው ቃል ያን ቀን የምሥራች ሆነልኝ።

ለወላጆቼ ደወልኩ። እናቴ ሆዱን ዳስሰሽዋል ወይ ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። አባቴ ስልኩን ከእጇ ወሰደና «ሙሉየ፣ ነገ እመጣለሁ» አለኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ፤ ትኩሳቱ እስኪለቀውም ከአማቹ አልጋ አጠገብ አልተነሣም።