ወደ ኋላ የሚሄደው የጠመኔ መስቀል

ልጅ ሆኜ የምፈራው ጅብ አልነበረም፤ ጨለማም አልነበረም። የምፈራው አባባ በሞተር ዘንግ ጫፍ ላይ በጠመኔ የሚያሰምሩትን መስቀል ነበር።

አባቴ ጆሯቸውን ስኳር ፋብሪካ ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን እዚያ ጩኸት ውስጥ ፈጅተው ሲወጡ፣ አዳማ ላይ በቆርቆሮ የተሠራ ሱቅ ከፈቱና የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን እያወጡ እንደገና መጠቅለል ጀመሩ። ጥቅለላው ሲያልቅ ዘንጉ ጫፍ ላይ መስቀሉን ያሰምራሉ፣ በሩን ይዘጋሉ፣ በረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ሞተሩን ያስነሳሉ። ዘንጉ ዓይን በማይዘው ፍጥነት ይሽከረከራል፤ መስቀሉ ግን አይጠፋም። አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነጭ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ዘንጉ ከሚዞርበት በተቃራኒ፣ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። ሱቁ ሁሉ እየጮኸ እሱ ብቻ ተረጋግቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ሳይ የእናቴ ቀሚስ ሥር እደበቅ ነበር።

«መብራቱ ነው የሚያታልልሽ» ይሉኝ ነበር አባባ። «መብራቱም ይርገበገባል፣ ሞተሩም ይዞራል፤ እኩል ስለሚሄዱ የቆመ ይመስልሻል። ወደ ኋላ ከሄደ እየሠራ ነው። ሊቆም ሲል መጨረሻ ላይ ወደ ፊት ነው የሚዞረው።»

ሞተሩን ካጠፉ በኋላ መዳፋቸውን የሞተሩ የብረት ቀፎ ላይ ያሳርፋሉ። መዳፋቸው ጆሯቸው ነው። ንዝረቱ ጸጥ ሲል ብቻ መስቀሉን በአውራ ጣታቸው ይጠርጉታል። «የሰው ዕቃ ላይ የእኔ ምልክት አይቀርም» ይላሉ። ያንን መስቀል ሌላ ሰው እንዲጠርግ ፈቅደው አያውቁም፤ ለእኔም ቢሆን።

እንጀራዬ ከዚያው መስቀል ወጣ። ዛሬ እዚሁ አዳማ ስለ ሞተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ይጨልማል፤ ሦስት ሞገዶች አንዱ አንዱን እየተከተሉ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ስሌቱ ውስጥ የሚቆም ነገር የለም። ያኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «መሬት ላይ ቆማችሁ አትዩት። ከሚሽከረከረው መግነጢሳዊ መስክ ጋር ተሳፈሩና ከዚያ ላይ ሆናችሁ እዩት።» ሦስቱ ሞገዶች ሁለት የቆሙ ቁጥሮች ይሆናሉ። ክፍሉ እፎይ ይላል። እኔ ግን እቀጥላለሁ፦ «ስትሳፈሩ የዞራችሁበትን አንግል አትርሱ። እሱ ከጠፋባችሁ ወደ መሬት መመለሻ የላችሁም። የቆመ የመሰላችሁ ሁሉ እየዞረ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።» ፈተና ላይ ግማሾቹ ይረሱታል፤ እኔም ሳልራራ በቀይ አሰምርባቸዋለሁ።

አቦምሳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ለፋሲካ መጣች። በመጣች ማግስት ጓዳ ጠርታኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ አባባ አይሰሙም እኮ፣ ግን ዝቅ አደረገች።

«አባባ ደህና አይደሉም። ትናንት በእማማ ስም ጠሩኝ። ምሳ በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ምሳ የለም ወይ አሉ። ሱቁ ይዘጋ፤ አንድ ቀን እጃቸውን ያጣሉ።»

ደሜ ፈላ። «ኧረ ባክሽ! አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ። በዓመት አንዴ ብቅ እያልሽ ሐኪም አትሁኚብን። እንደ ድሮው ናቸው።»

«አብረሽ ስለምትኖሪ ነው የማይታይሽ» አለችኝ።

እስክትሄድ ድረስ አኮረፍኳት። ሱቁን ብንዘጋባቸው ምን ይቀርላቸዋል? ጆሮ የላቸው፣ እናታችን የለች፤ ያላቸው ያ መዳፍ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን የአዳማ ነፋስ ተነሣ። እንደዚያን ቀን ያለ አቧራ አላስታውስም፤ ፀሐይዋ ከላይ እያለች መንገዱ አይታይም ነበር። ከክፍል ወጥቼ አባባን ወደ ቤት ልወስዳቸው በባጃጅ ሱቁ ደረስኩ። አቧራው እንዳይገባ በሩን ዘግተውታል። ገፋ አድርጌ ገባሁና መልሼ ዘጋሁት። ከወለንጪቲ የመጣ የወፍጮ ሞተር ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። መስቀሉ ነጭ ሆኖ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አባባ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ፊታቸው ሰላም ነው። መዳፋቸው ቀፎው ላይ አልነበረም። አውራ ጣታቸውን አውጥተው ወደ መስቀሉ ይዘረጋሉ።

መስቀሉ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ፤ ለማይሰማ ሰው። በመሃላችን የሞተር ቀፎ ተቆልሏል፣ ማብሪያው በእሳቸው በኩል ነው። በእጄ የነበረው በሩ ብቻ ነው። በረገድኩት፤ ነፋሱም ከእጄ ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። የማይርገበገበው የቀን ብርሃን ከነአቧራው ሱቁን ሞላው። መስቀሉ ጠፋ። እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ቀረ፤ የአባባ ጣት ከጭጋጉ አጠገብ ቆመ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት። እኔ ዞሬ ሄጄ አጠፋሁት። ጩኸቱ እየሟሸሸ ሲሄድ አባባ ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ማነው ያስነሳው?» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም። እህቴን በከንቱ ነበር ያኮረፍኳት። ከንፈሬን እንዲያነቡ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ሞተር አስነስቶ ጥሎ መሄድ አለ?» ተቆጡኝ። «ሰው ትገድያለሽ! ይሄንን ነው የምታስተምሪያቸው?»

«ይቅርታ፣ አባባ። አይለመደኝም።»

ቁጣቸው በረደና በአገጫቸው ወደ ዘንጉ አመለከቱኝ። «በይ ጥረጊው።»

ዕድሜ ልኬን ከልክለውኝ የነበረውን ፈቀዱልኝ። መጀመሪያ መዳፌን ቀፎው ላይ አሳረፍኩ፤ ሞቅ ያለ ነበር፣ ጸጥ እስኪል ጠበቅሁ። ከዚያ መስቀሉን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። አባባ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

«እንዲህ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው፤ «አደራ፣ መዳፍሽን ደግሞ አትርሺ።»