በባዶ እጇ ሱቅ የተረከበችው

የያዙን በቀትር ነው። ኮሮናው መንገዱን ሁሉ ጭር ያደረገበት ጊዜ ነበር። የአገሬው ሰው ሱቅ ሲከፈት የእኛ የስደተኞቹ ለምን ተዘግቶ ይቀራል ብለን፣ ጥቂት ሴቶች ካርቶን ላይ አስጽፈን አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆምን። በእኔ ካርቶን ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ ልጄ የጻፈችው ስለሆነ አምኜ ያዝኩት። መሰብሰብ ክልክል ነው አሉና መኪና ላይ ጫኑን። አንዱ ፖሊስ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። «ቀስ፣ ጎጎ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው። ደግፎ የሚያስር ሰው ያን ቀን አየሁ።

ያስገቡን ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የተቀባ፣ መቀመጫው ሲሚንቶ፣ በሩ የብረት ዘንግ ነው። ወለሉን በበረኪና አጥበውት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ከእኛ በፊት የአገሬው ሴቶች ገብተውበታል። አንዷ ግዙፍ ናት፤ በኮሮናው ሰበብ መጠጥ ሲከለከል ቤቷ ውስጥ ቢራ ጠምቃ ስትሸጥ ነው አሉ የተያዘችው። ገና ስንገባ ጀምራ ትጮኻለች።

ከእኔ ጋር ከመጡት ሁለቱ አጠገቤ ተቀመጡ። አንደኛዋ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ የጅምላ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ። ሌላዋ ከሆሳዕና የመጣች ልጅ ናት። አይቮሪ ፓርክ በሚባል የአገሬው ሰፈር ሱቅ ነበራት። በዚያው ሰሞን ዘራፊዎች ሰብረው እስከ ፍሪጁ ወስደውባታል። ወንድሟ የሰጣት መነሻ ገንዘብ አብሮ ሄደ። አሁን አውሮፕላን ሲከፈት ወደ አገር ልትመለስ ነው። «ካፒታሉ አለቀ፤ እኔም አብሬው አለቅሁ፣ እማማ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ማስኳን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው ብቻ።

የስልጤዋ ነጋዴ ይህን ሰምታ የራሷን ችግር አነሳች። እዚያው አይቮሪ ፓርክ እሷም ሱቅ አላት፤ ሻጩ ጥሎባት ኬፕ ወደሚባለው ሩቅ ከተማ ሄዷል። ሸሪክ ትፈልጋለች። በቅርብ ከአገር የመጣ ሰው የካፒታሉን ግማሽ ይዞ ደጇን እያንኳኳ ነው። እኔም ለዚች ልጅ ብትሰጫት ምን አለ፣ ሥራውን ታውቀዋለች ብዬ ነገሩን ለስለስ አድርጌ አነሳሁት።

«እማማ፣ ማወቅ ፍሪጅ አይሞላልኝም» አለች። ወደ ልጅቷም ዞራ፣ «እሱ ገንዘብ ይዞ ቆሟል። አንቺ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። 

ድሮ በእኛ አገር ከገበያ ገበያ እየዞርኩ በርበሬ እሸጥ ነበር። መጀመሪያ የወጣሁ ቀን በርበሬዬ ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ ግን የቱ ጋ እንደሚቀመጡ አላወቅሁም። ጥላ አገኘሁ ብዬ ሰው የማያልፍበት ጥግ ተቀምጬ ዋልኩ፤ እንዳለ ተሸክሜው ተመለስኩ። ልጅቷ እንድትጽናና ይህንን ነገርኳት። እሷም ሳቅ አለችና የራሷን ነገረችኝ። ሱቁን የከፈተች ጊዜ፣ እናቷ እንዳሳደገቻት፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ ቃል ሳትተነፍስ በሱቁ የብረት መስኮት በኩል ዕቃ ትሰጥ ነበር። በእኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ እንዲያ ነች። እዚህ አገር ግን ሰላም ሳይሉ መሸጥ ንቀት ነው። ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሻት። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት መጥተው፣ እኔ ፊት የለኝም ወይ፣ ለምን አታዪኝም አሏት። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ፣ ሰላምታ አስቀድማ፣ የእያንዳንዱን ቤት እየጠየቀች መሸጥ ተማረች።

ይህን ስናወራ ዳቦ መጣ። ፖሊሱ ያልተቆረጡ ጥቂት ዳቦዎች በዘንጉ መሃል አሳልፎ ሰጠና ሄደ። ለሁላችንም እንደማይበቃ ያስታውቃል። ሴቶቹ ተነሡ፤ መገፋፋት ሆነ። ያቺ ቢራ ጠማቂዋ ደረቷን ነፍታ መሃል ቆመች። እነዚህ መጤዎች ሰፈራችንን በልተው እዚህም ሊቀድሙን ነው ወይ እያለች ትጮኻለች። እኔ እግሬን ሰበሰብኩ። ነጋዴዋም ሻርፗን አጥብቃ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ልጅቷ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ጠማቂዋ ሄደች። ዓይን ዓይኗን እያየች «ሳውቦና፣ ማ» አለቻት። ሰላምታ ነው። ከዚያ በዙሉ የተባባሉትን ሁሉ ልጅቷ ኋላ ነው የነገረችኝ፤ እንዲህ አለቻት፦

«እኔን ማንም አይሰማኝም። አንቺን ግን ይሰሙሻል። ሰልፉን አንቺ ያዥልኝ፤ እኔ እቆርሳለሁ።»

 ጠማቂዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ያንኑ ድምፅ ወደ ሌሎቹ አዞረችው፤ በአንድ አፍታ ሴቶቹ በግድግዳው ጥግ ተሰለፉ። ልጅቷ በሱቋ ሩብ ሩብ ዳቦ ስትሸጥ የኖረች ናትና እጇ መጠኑን ያውቀዋል። መጀመሪያ ለእኔና ለአንዲት የአገሬው አሮጊት፣ ቀጥሎ ለአንዲት ታማሚ፣ ከዚያ በተራ ሰጠች። ለእያንዳንዷ አንዳንድ ቃል ጣል ታደርጋለች፤ ይስቃሉ። ለራሷ ፍርፋሪው ቀረ። ጠማቂዋ የራሷን ለሁለት ገምሳ በግድ አስያዘቻትና ሱቅሽ የት ነው አለቻት። ልጅቷም አይቮሪ ፓርክ ነበር፣ ዘረፉት አለች። ሴትዮዋ ማኘኳን አቆመች።

«እኔም የዚያው ሰፈር ነኝ» አለች። «መልሰሽ ስትከፍቺ ንገሪኝ። እኔ ቆሜ ማን እንደሚነካው አያለሁ።»

ልጅቷ ተመልሳ ስትቀመጥ ነጋዴዋ ዳቦዋን ይዛ ገና አልቀመሰችውም። የሚጮኸውን ጠባቂ ማድረግ የት ተማርሽ ብላ ጠየቀቻት። «በመስኮቱ ነው፣ እትዬ። ሲጮኹብኝ መጀመሪያ ላይ አንገቴን እደፋ ነበር፤ ኋላ ግን ሰልፉን አስይዛቸው ጀመር» አለች ልጅቷ። ነጋዴዋ ያን ጊዜ ዳቦዋን ገመጠች።

«ያ ገንዘብ የያዘው ሰውዬ ፍሪጁን ይሞላል» አለች በኋላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «እንደ ጠማቂዋ ያለችውን ጠባቂ ግን ከየት ገዝቶ በሩ ላይ ያቆማል?» ከዚያ፣ «ዕቃው ከእኔ፣ ሥራው ከአንቺ። ትርፉ እኩል።»

እኔ ልጅቷ ጉልበቷ ላይ ትወድቃለች ብዬ ነበር። አልወደቀችም። «እሺ፣ እትዬ። ግን ሠራተኛዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ» አለቻት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለቀቁን። ነጋዴዋ የተያዘባትን ዕቃ ከፖሊስ ስትረከብ ከቁልፎቿ አንዱን ከቀለበቱ አውጥታ እዚያው ጠረጴዛው ፊት ለልጅቷ ሰጠቻት። ዕቃ የምታስረክበው ፖሊስ፣ ሠራተኛሽ ናት እንዴ አለቻት።

«ፓርትነሬ ናት» አለች ነጋዴዋ፤ ሸሪኬ ማለቷ ነው። ልጅቷ ቁልፉን ጨብጣ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ወጣች።

እኔ አሁንም እግሬ አላርፍ ሲለኝ በታክሲ እሄድና ከልጅቷ ሱቅ መደርደሪያዎች መሃል እቀመጣለሁ። ሱቋ ሞልቷል፤ ሁለተኛም ከፍተዋል። ዘራፊዎቹ ያን ጊዜ ሁሉን ወሰድን ብለው ሄደው ነበር። እሷም ሁሉን ወሰዱብኝ ብላ ነበር። እንዴት ሁለቱም ተሳሳቱ እያልኩ አስባለሁ።

በቀደም ከአገር የመጣች ሴት ገንዘብ ይዛ፣ ቶሎ ሱቅ አስከፍቱኝ ብላ መጣች። ልጅቷ ገንዘብሽን ለጊዜው አስቀምጪው አለቻት። ከዚያ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብላ ቦታዋን ለቀቀችላት። ውጪ ደንበኛ ቆሟል። ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ልትተክል ስትል፣ ልጅቷ በቀስታ አገጯን ቀና አደረገችላት።